ለአሮጌ ሞተር ሳይክል በብርድ ወራት የሚሆን ዘይት አመራረጥ

ከኅዳር እስከ ጥር እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋዎች ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። በሞተሩ ውስጥ ያደረ ዘይት ጠዋት ስለሚወፍር ሲሊንደሩ ራስ ላይ ቶሎ አይደርስም፤ ያረጀ ሞተር ደግሞ የሚበላው በነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው።

ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን ጥፋቱ የዘይቱ መሆኑን ይለዩ። ቁልፉን ዘግተው፣ በዜሮ ማርሽ፣ የእግር ማስነሻውን ሁለት ሦስቴ ይርገጡ። ከቀኑ በግልጽ ከከበደ ዘይቱ ወፍሯል። እንደ ልብ እየወረደ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ካንዴላውን፣ ቾኩንና ካርቡራተሩን ይመርምሩ።

ዕቃው ላይ «20ደብሊው-50» ከተጻፈ የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ፣ ሁለተኛው የሙቀት ጠባዩ ነው። የመጀመሪያው ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቀላል ይሆናል። 20ደብሊው በብርድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በእኛ አገር ብርድ የሚረጋ አይደለም፤ ይዘገያል እንጂ። ስለዚህ በ0ደብሊው ወይም በ5ደብሊው ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም።

ምርጫው በሞተሩ ጤንነት ይወሰናል። ዘይት የማይበላ ከሆነና መመሪያው ከፈቀደ 10ደብሊው-40 ያድርጉ። ሰማያዊ ጭስ ካለውና በየ1000 ኪሎ ሜትሩ 200 ሚሊ ሊትር ያህል የሚጨመርለት ከሆነ ግን 40ው ሲግል ቀጥኖ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) ያልፋል፤ ጭሱም ይብሳል። ለእንዲህ ያለው 15ደብሊው-50 ከተገኘ ይሻላል፤ ካልተገኘ በ20ደብሊው-50 ይቆዩ። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ማቅጠን ብረት ከብረት ማፋጨት ነው።

ከቁጥሩ እኩል የሚታየው «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚለው የጃፓን የዘይት ደረጃ ምልክት ነው። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ነዳጅ ይቆጥባሉ የሚባሉ የመኪና ዘይቶችና «ኤምቢ» የተባለው የስኩተር ዘይት ማንሸራተቻ ስላለባቸው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፦ ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም።

ሲቀይሩ ሞተሩን ለ10 ደቂቃ ያህል ነድተው ያሙቁትና ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ዘይቱ 15 ደቂቃ ይንጠፍጠፍ። እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ባሉት ሞተሮች የወንፊቱን ክዳን ሲፈቱ ስፕሪንጉ አብሮ ይወጣልና በእጅዎ ደግፈው ይያዙት፤ ወንፊቱን በቤንዚን አጥበው ያድርቁ። የማፍሰሻውን ሮንዴላ በአዲስ ይተኩ። ቡሎኑን ቧንቧ በተቀጠለበት ቁልፍ አያጥብቁ፤ ጥርሱ አልሙኒየም ስለሆነ በቀላሉ ይበላል።

ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉት አብዛኞቹ 1 ሊትር አካባቢ ይይዛሉ። መጀመሪያ 800 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ ሞተሩን ሦስት ደቂቃ አስነስተው ያጥፉት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ይለኩና የጎደለውን ይሙሉ። በሲጂ 125 የመለኪያው ክዳን ሳይጠመዘዝ ነው የሚነበበው፤ ከጠመዘዙት ዘይቱ ከልኩ በላይ መስሎ ይታያል።

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ቱ ስትሮኮች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ ከነዳጅ ጋር የሚቃጠለው ዘይትና የማርሹ ዘይት ለየብቻ ነው።

በብርዱ ወራት አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ሞተር ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ያበጃል። ላቦቱ በሙቀት ስላልተነነ ነው፤ በሳምንት አንዴ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ይንዱት። ከዚያ በኋላም ካልጠፋ የክዳኑን ጎማ ይመርምሩ፤ በእጥበት ጊዜ ውሃ እያስገባ ሊሆን ይችላል።