ከማድሪድ እስከ ግራናዳ፦ የስፔን ከተሞችን በባቡር እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

አንድ የስፔን ከተማ አይቶ ስፔንን አየሁ ማለት ይከብዳል። ምግቡ፣ ግንቡ፣ የሰዉ አነጋገር ሳይቀር ከከተማ ከተማ ይለያያል። ደግነቱ ባቡሩ ፈጣን ነው። አስር ቀን ካላችሁ ማድሪድን፣ ቶሌዶን፣ ኮርዶባን፣ ሴቪያንና ግራናዳን ተረጋግታችሁ ታያላችሁ። ባርሴሎናን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ ራሱን የቻለ ጉዞ ይገባዋል።

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ወሩ ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ የሴቪያ ሙቀት አንዳንዴ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

ቀጥሎ እቅዱን ከመጨረሻው ከተማ፣ ከግራናዳ ጀምሩ። እዚያ ያለው የጥንቱ የሙስሊም ነገሥታት ግንብ፣ የአልሃምብራ፣ ትኬት በቀን የተወሰነ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ሆቴልም ባቡርም ከመያዛችሁ በፊት እሱን በኦንላይን ግዙ። በግንቡ ውስጥ ወዳሉት ናስሪድ ቤተ መንግሥቶች የምትገቡበት ሰዓት ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ እንዳያልፍባችሁ። ፓስፖርትም ያዙ፣ ይጠየቃል። ያ ቀን ከታወቀ ሌላውን ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ትሞሉታላችሁ።

ማድሪድ ሦስት ቀን ይበቃል። ፕራዶ ሙዚየም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት በነጻ ያስገባል። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። በ1656 ቬላስኬዝ የሳለው «ላስ ሜኒናስ» ፊት ለፊት ቆም በሉ። ከማድሪድ ቶሌዶ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ይቻላል። እዚያ ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ የሚባል ጥንታዊ ምኩራብ አለ። ምኩራብ ሆኖ የማርያምን ስም የያዘው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ነው።

ኮርዶባ ግን እደሩ። ብዙዎች በቀን ደርሰው ይመለሳሉ፤ ይቆጫል። ታላቁ መስጊድ፣ የዛሬው ካቴድራል፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 3፡30 በነጻ ክፍት ነው (በእነሱ አቆጣጠር 8፡30 ማለት ነው)። ስትገቡ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ከዚያ ከ800 በላይ አምዶች እንደ ጫካ ይከቧችኋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ አምዶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙዎቹ ከሮማውያን ዘመን ሕንጻዎች የተነቀሉ ስለሆኑ ቀለማቸውም አናታቸውም ይለያያል። ከላይ ቀይና ነጭ ቅስቶች ድርብ ሆነው ተሰድረዋል። መሃል ላይ ስትደርሱ ድንገት ብርሃን ይፈሳል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መስጊዱ ውስጥ የተሠራው ካቴድራል ነው። እኔ ከስፔን አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ሕንጻ እመርጣለሁ።

ሴቪያ ላይ ጂራልዳ ማማ ውጡ፤ ጥንት የመስጊድ ሚናራ የነበረ፣ ዛሬ የካቴድራሉ የደወል ማማ ነው። እስከ ደወሉ ድረስ መውጫው ደረጃ ሳይሆን 35 ተዳፋት ነው፤ ጥንት አዛን የሚያሰማው ሰው በፈረስ እንዲወጣበት ታስቦ የተሠራ ነው ይባላል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምሳ ከ7 ሰዓት በፊት፣ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ብዙ ቦታ አይገኝም። የአሳማ ሥጋ ደግሞ ያልጠበቃችሁት ሳህን ላይ ይመጣል፣ ሾርባ ላይ ሳይቀር። «ሲን ሃሞን» በሉ፤ «ካም (የአሳማ ሥጋ) ሳይገባበት» ማለት ነው። ለጾመኛ የሴቪያው ስፒናች በሽምብራ አለ። ነጭ ሽንኩርትና ከሙን አለበት፤ ለእኛ ምላስ እንግዳ አይሆንም።

ከሴቪያ ወደ ግራናዳ ባቡርም አውቶቡስም አለ። ከትኬታችሁ ቀን በፊት ባለው ምሽት ግቡ። ሻንጣችሁን አስቀምጡና አልባይሲን ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር ሽቅብ ውጡ፤ ሳን ኒኮላስ አደባባይ ድረስ። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገ የምትገቡበት አልሃምብራ ፊት ለፊታችሁ ቀይ ይሆናል፤ ከጀርባው የሴራ ኔቫዳ ተራራ አለ፣ በሚያዝያ በረዶው ገና አልቀለጠም።