የኩሽና ቆሻሻን በኬሻ ማብላላት፦ ለልደታና ለአራት ኪሎ በረንዳዎች

ቆሻሻን ቤት ውስጥ መለየት የበጎ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ገና ያኔ ኃላፊነቱን በአባወራውና በእማወራዋ ላይ ጥሎ ነበር፤ እሱን ተክቶ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታል ይዞ የተገኘን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ደጅ ድረስ መጥቶ ይወስደዋል። ገዢ የሌለው እርጥቡ ነው፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ። ከከተማው የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ ይኸው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረውም እንዲህ ሳይለይ ለዓመታት የተከመረ ቆሻሻ ነው። እርጥቡን ከበረንዳችሁ ሳይወጣ ወደ አፈር መመለስ ትችላላችሁ።

ሁለት ባለ 50 ኪሎ ኬሻ ያዙ፤ በፕላስቲክ ክር የተሸመነው ነጩ ይሻላል፣ በሽመናው በኩል አየር ይገባል። ክዳን ያለው ባልዲ ግን ያፍነዋል። ኬሻውን ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀምጡ፤ ከሥሩ ጎኑ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ብታደርጉ የሚንጠባጠበው ወደ ታችኛው ጎረቤት አይወርድም። መጀመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራሮ አንጥፉ። ከዚያ በኋላ ልኬቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንድ ጣሳ እርጥብ፣ ሁለት ጣሳ ደረቅ፣ ላዩ ላይ አንድ እፍኝ አፈር። እርጥቡ ከ3 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚቸገረው ደረቁን በማግኘት ነው። ቡና የተፈላበት ጉዝጓዝ ቄጤማ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ቢገባ ግሩም ነው፤ የበዓል ሰሞን ከጎረቤት ጭምር ሰብስቡት። የእንቁላል ካርቶን በጣት ቀዳዶ መጨመር ይቻላል። ሰጋቱራ ከአናጢ ስትወስዱ ከጣውላ የወጣ መሆኑን ጠይቁ፤ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቀው የሚሠሩት የኤምዲኤፍና የቺፕውድ ሰሌዳዎች ብናኝ ሙጫ አለበት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይፈርስም፣ ዘርም እንዳይበቅል ያግዳል፤ ተዉት።

ወጥ፣ ሥጋና አጥንት አይግባ። አይጥ ይጠራል፤ የወጡ ጨውም ኋላ ተክሉን ይጎዳል። የሻገተ እንጀራ ይገባል፣ ግን ቆራርጦና በትኖ፤ ተጠቅልሎ ከገባ መሃሉ ላይ እንደ ሊጥ ይጋገራል። የከሰል አመድ አትጨምሩ።

በሳምንት አንድ ቀን ከአንዱ ኬሻ ወደ ሌላው ገልብጡት። በዚያው ጊዜ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ ጨምቁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ምንም ካልወጣ ውሃ ርጩበት፤ ጉንዳን መግባቱም የመድረቁ ምልክት ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፣ ገልብጡት። የሽንት ዓይነት ሽታ ካመጣ ደግሞ እርጥቡ በዝቷል፤ ካርቶን ጨምሩ። ትንንሽ ዝንቦች የሚመጡት ላዩ ላይ አፈር ሲረሳ ነው።

ኬሻው ሲሞላ መጨመር አቁሙና ሌላ ጀምሩ። አዲስ አበባ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አንድ ኬሻም ትንሽ ክምር ነው፤ ስለዚህ ጀርምና የአረም ዘር የሚገድለው ከ55 ዲግሪ በላይ ያለው ሙቀት ላይ አይደርስም። የታመመ ተክልና የውሻ ወይም የድመት ዓይነ ምድር ፈጽሞ የማይገባው ለዚህ ነው። አራት ወር ያህል ጠብቁ። በክረምት ዝናቡ ቀጥታ እንዳይመታው ጣራ ሥር አስጠጉት፤ ከራሰ እስከ መስከረም ሲሸት ይከርማል።

መብሰሉን ለማወቅ አንድ እፍኝ አርጥባችሁ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ሦስት ቀን አቆዩት። ሲከፈት ዝናብ የነካው አፈር ከሸተተ ደርሷል፤ ከኮመጠጠ ሌላ አንድ ወር ስጡት። የደረሰውን በወንፊት ነፍታችሁ አንዱን እጅ ከሁለት እጅ አፈር ጋር ቀላቅሉ። ብቻውን ከተደረገ ለጋ ችግኝ ያቃጥላል። ለቆስጣና ለሰላጣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዕቃ ይበቃል፣ ሥሩ ከተበሳ። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ጭራሮ አትጣሉት፤ ለሚቀጥለው ኬሻ ንጣፍ ይሆናል።