ቼክ በፖስታ የሚልኩ ነጋዴዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ፖስታ ማለት ቁጥር ያለው ሣጥን ነው። ነጋዴውም መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤው ራስጌ ላይ «ፖ.ሣ.ቁ.» ብሎ ይጽፋል። የሚላክለት ሁሉ ፖስታ ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይጠብቀዋል፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። አሜሪካ ስንመጣ ያንን እምነት ይዘን መጣን። እዚህ ግን የሚመጣልን ደብዳቤ ሱቃችን በር ላይ ይንጠለጠላል፣ የምንልከውም መንገድ ዳር ያድራል።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚነግዱ ወገኖቻችን ሒሳብ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የኪራይ ቼኩ ተሰርቆበት ዕንባ እየተናነቀው ቢሮዬ የመጣ ሰው አይቻለሁ። ታክሱን በቀኑ ልኮ መቀጫ የመጣበትም አለ። ፖስታ ቤቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ተለውጧል፤ የእኛ አላላክ ግን እንደ ድሮው ነው።

ሱቅ ዘግቶ ሲሄዱ መንገድ ዳር ያለው ሰማያዊ የፖስታ ሣጥን ውስጥ መጣል

ሣጥኑ ላይ የመጨረሻው የመሰብሰቢያ ሰዓት ተለጥፏል። ከዚያ በኋላ የገባ ፖስታ እዚያው ያድራል፤ ቅዳሜ ማታ ከሆነ ደግሞ እስከ ሰኞ ይቆያል። ሰኞ የፌዴራል በዓል ከሆነ ማክሰኞ ነው። ሌቦች ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቃሉ።

ሣጥኑን የሚከፍተው ቁልፍ «አሮው ኪ» ይባላል። አንዱ ቁልፍ በአንድ አካባቢ ያሉ ብዙ ሣጥኖችን፣ የአፓርታማዎቹንም ጭምር፣ ይከፍታል። ፖስተኞች በጠራራ ፀሐይ መሣሪያ ተደግኖባቸው የሚዘረፉት ለዚሁ ቁልፍ ነው። ፖስታ ቤቱ በሜይ 2023 12,000 ጠንካራ ሣጥኖችን እንደሚተክልና 49,000 መቆለፊያዎችን በኤሌክትሮኒክ እንደሚተካ አስታውቋል። ለመላ አሜሪካ ይህ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቼክ ያለበትን ፖስታ በሥራ ሰዓት ፖስታ ቤት ገብተው በመስኮት ይስጡ ወይም ውስጥ ባለው መክተቻ ይጨምሩ። ሱቅዎ በር ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ ፖስተኛው እንዲወስድልዎ ብለው ቼክ አይተዉ።

ቼኩን እጅ ላይ በተገኘ እስክሪብቶ መጻፍ

ከሁሉ በላይ ነጋዴውን እየጎዳ ያለው ይሄ ነው። ሌባው ቼክዎን እንዳለ አይመነዝረውም፤ ያጥበዋል። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም በመሰል ኬሚካል የተቀባዩን ስምና መጠኑን ያጠፋና ፊርማዎን ብቻ ያስቀራል። ለአከራይዎ የጻፉት 2,800 ዶላር በማያውቁት ሰው ስም 9,000 ሆኖ ከሒሳብዎ ይወጣል። ፊርማው የእርስዎ ስለሆነ ባንኩ መጀመሪያ አይጠራጠርም።

የአሜሪካ ግምጃ ቤት የገንዘብ ወንጀል ክፍል የሆነው ፊንሴን በፌብሩዋሪ 2023 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ባንኮች ስለ ቼክ ማጭበርበር ያቀረቡት ሪፖርት በ2021 ከ350,000 በላይ እንደነበረና በ2022 ከ680,000 ማለፉን ገልጿል። በአንድ ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው።

ተራው የኳስ እስክሪብቶ በቀላሉ ይለቃል። ጥቁር ጄል እስክሪብቶ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ ለማጠብ ያስቸግራል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ስለሆነ ዛሬውኑ ይግዙ። በመጠኑና በስሙ አጠገብ ባዶ ቦታ አይተዉ፤ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያስምሩበት።

ከእስክሪብቶው የሚበልጠው ጥበቃ ግን ባንክዎ ዘንድ ነው። «ፖዘቲቭ ፔይ» የሚባል አገልግሎት አለ። እርስዎ የጻፏቸውን ቼኮች ቁጥርና መጠን አስቀድመው ለባንኩ ያሳውቃሉ፣ ያልተመዘገበ ቼክ ሲመጣ ባንኩ ሳይከፍል ይጠይቅዎታል። ስትመዘገቡ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ፦ ተራው ዓይነት የሚያስተያየው ቁጥሩንና መጠኑን ብቻ ነው። ሌባው መጠኑን ሳይነካ ስሙን ብቻ ቢቀይር ያልፋል። ስለዚህ የተቀባዩንም ስም የሚያስተያየውን ዓይነት እንደሚፈልጉ በግልጽ ይናገሩ። ወርኃዊ ክፍያው የሚከብዳቸው ሱቆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቼክ አብዝቶ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚሻል ወጪ የለም። ቼክ የማይጽፍ ደግሞ አያስፈልገውም፤ ኪራይንና የዕቃ አቅራቢዎችን ክፍያ በባንክ ዝውውር ማድረግ ከተቻለ ሁሉም ነገር ይቀልላል።

የባንክ መግለጫውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ

«ሒሳብ ሠራተኛዬ ያየዋል» ይባላል። እኔ የማየው በሩብ ዓመት አንዴ ሊሆን ይችላል። የተከፈለውን ቼክ ምስል በየሳምንቱ በስልክዎ ይክፈቱና የተቀባዩን ስም ያንብቡ፤ ቁጥሩና መጠኑ ትክክል ሆኖ ስሙ የሌላ ሊሆን ይችላልና። ብዙ የንግድ ሒሳብ ውሎች ለማመልከት የሚሰጡት ጊዜ 30 ቀን አካባቢ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ ይቸገራል። የተሰረቀ ቼክ ካገኙ በዚያው ቀን ለባንኩ ያሳውቁ፣ ሒሳቡን ዘግተው በአዲስ ቁጥር ይክፈቱ፣ ለአካባቢው ፖሊስ ያመልክቱ፣ ለፖስታ ቤቱ መርማሪዎችም በ877-876-2455 ይደውሉ። ተመላሽ ስትጠይቁ ባንኩ የፖሊሱን ሪፖርት ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ፖስታው ላይ የሚመታውን ቀን ማመን

እኛ ማኅተም የምናከብር ሰዎች ነን። ማኅተም ያለው ወረቀት ለእኛ ያለቀለት ወረቀት ነው። ስለዚህ ይህን ለውጥ ስነግራቸው ደንበኞቼ ለማመን ይከብዳቸዋል፦ ፖስታው ላይ የሚመታው ቀን እርስዎ ያስረከቡበት ቀን ላይሆን ይችላል።

ፖስታ ቤቱ በማርች 2021 የአሥር ዓመት የለውጥ ዕቅድ አወጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከ1 እስከ 3 ቀን ይደርስ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ፖስታ ከፊሉ እስከ 5 ቀን እንዲወስድ ተደረገ። ቀጥሎም ደብዳቤ ከሚለይበት ከክልሉ ዋና የፖስታ ማቀነባበሪያ ከ50 ማይል በላይ የሚርቁ ብዙ ፖስታ ቤቶች ማታ ፖስታ መላክ አቁመው በማግስቱ ጠዋት በሚመጣው መኪና እንዲልኩ ሆነ። የቀኑ ማኅተም በአብዛኛው የሚመታው ማቀነባበሪያው ውስጥ በማሽን ነው። ስለዚህ በ15ኛው ቀን ያስገቡት ደብዳቤ 16 ወይም 17 ተመትቶበት ሊወጣ ይችላል። ፖስታ ቤቱ ራሱ ይህንን በደንቡ ክፍል 608.11 ላይ አስፍሮ ከዲሴምበር 24 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎታል።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? በታክስ ሕጉ ክፍል 7502 መሠረት በመጨረሻው ቀን የተላከ ማመልከቻ ዘግይቶ ቢደርስም በሰዓቱ እንደቀረበ ይቆጠራል፤ መለኪያው ግን የማኅተሙ ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን፣ ኤፕሪል 15 ማታ፣ ሣጥን ውስጥ የጣሉት ደብዳቤ በኤፕሪል 17 ከተመታ መቀጫው በእርስዎ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፖስታ ቤት ይግቡና ሠራተኛውን «በእጅ ማኅተም ይምቱልኝ» ይበሉ፤ ያለ ክፍያ ይመታልዎታል። ለታክስ ከሆነ ከዚህም አልፈው በአደራ ደብዳቤ ወይም በሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩና ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ደብዳቤው መንገድ ላይ ቢጠፋ መላክዎን የሚመሰክርልዎት ያ ደረሰኝ ነው። በግል አመላላሽ ድርጅት የሚልኩ ሰዎችም ይጠንቀቁ፤ የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ አይ አር ኤስ የሚቀበላቸው በስም የዘረዘራቸውን አገልግሎቶች ብቻ ነው፣ ዩፒኤስ ግራውንድ ለምሳሌ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የእኔ ምርጫ የፌዴራል ታክስን በፖስታ ጨርሶ አለመላክ ነው። ለንግድዎ ኢኤፍቲፒኤስ በሚባለው የግምጃ ቤቱ የኤሌክትሮኒክ መክፈያ ከባንክ ሒሳብዎ ይከፍላሉ፣ ማረጋገጫ ቁጥሩንም በዚያው ቅጽበት ያገኛሉ። መንግሥትም ወደዚያው እየገፋ ነው፤ በማርች 2025 በወጣው የፕሬዝዳንት ትእዛዝ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ ግምጃ ቤቱ የወረቀት ቼክ መላኩን በአብዛኛው ትቷል። ተመላሽ የሚጠብቁ ከሆነ የባንክ ቁጥርዎ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ።

ዋሽንግተን ለሚገኙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ የምትልኩ ደግሞ ተጨማሪ ቀናት ያዙ። በ2001 የአንትራክስ (የአባ ሰንጋ) ዱቄት ያለባቸው ደብዳቤዎች በብሬንትውድ ማቀነባበሪያ አልፈው ሁለት የፖስታ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ለእነዚያ መሥሪያ ቤቶች የሚሄድ ፖስታ በጨረር ይመታል። ጊዜ ይወስዳል፣ ወረቀቱንም ያደርቀዋል።

አድራሻ ሲቀይሩ ለፖስታ ቤቱ ብቻ መናገር

ሱቅ ሲዛወር የአድራሻ ለውጥ ቅጽ ይሞላሉ፣ ፖስታ ቤቱም የአንደኛ ደረጃ ደብዳቤዎችን ለ12 ወር ያስተላልፋል። ከዚያ ያልፍና የታክስ ማስጠንቀቂያው የቀድሞው ሱቅ በር ላይ ይቀራል። አይ አር ኤስ በቅጽ 8822-ቢ፣ ግዛቱ፣ ካውንቲው፣ ባንኩና የኢንሹራንስ ኩባንያው እያንዳንዳቸው ለየብቻ መነገር አለባቸው።

ቤታቸው ሆነው የሚነግዱ ብዙ ወገኖች ደግሞ ከግል የፖስታ መቀበያ ሱቆች ሣጥን ይከራያሉ። ሱቁ ደብዳቤያቸውን እንዲቀበል የሚፈቅዱበትን ቅጽ 1583 ሲፈርሙ የሚያነቡት ጥቂት ናቸው። ሣጥኑን ሲለቁ በፖስታ ቤቱ በኩል የአድራሻ ለውጥ ማስገባት አይችሉም፤ ደብዳቤዎን ማስተላለፍ ያለበት ያው ያከራየዎት ሱቅ ነው። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት ለስንት ጊዜና በስንት ክፍያ እንደሚያስተላልፍ በጽሑፍ ይያዙ። ሱቁ ራሱ የሚዘጋ ከሆነማ አስቀድመው ለሁሉም ማሳወቅ ይኖርብዎታል።

መንግሥት የላከው የሚመስል ደብዳቤና ርካሽ ቴምብር

ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) እንዳስመዘገቡ ደብዳቤዎች ይጎርፋሉ። ንስር ያለበት ምልክት፣ ቀይ ጽሑፍ፣ የመጨረሻ ቀን፣ ከዚያ «ዓመታዊ ሪፖርት» ወይም «የሠራተኛ ሕግ ፖስተር» ተብሎ መቶ ምናምን ዶላር። ብዙዎቹ ከግል ድርጅት የመጡ ናቸው፤ ታች በትንሹ ተጽፎ ያገኙታል። ፖስተሮቹን መንግሥት በነፃ ይሰጣል። በእንግሊዝኛው የሚቸገር ሰው ፈርቶ ሲከፍል ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ከመክፈልዎ በፊት ፎቶ አንስተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ። «ዕቃዎ ፖስታ ቤት ቀርቷል፣ ሊንኩን ይጫኑ» የሚለው የስልክ መልእክትም የዚሁ ወንድም ነው፤ ፖስታ ቤቱ እርስዎ ሳይጠይቁት መልእክት አይልክም።

ቴምብር ከ2021 ወዲህ ከ55 ሳንቲም ተነሥቶ በጁላይ 2025 78 ሳንቲም ስለደረሰ በፌስቡክ በግማሽ ዋጋ የሚሸጡ በዝተዋል። ፖስታ ቤቱ እንዲህ ያለ ቅናሽ የለውም። የሐሰት ቴምብር የተለጠፈበትን ፖስታ እንደተጣለ ቆጥሮ ሊያስወግደው ይችላል፣ ውስጡ ያለው ቼክም አብሮ ይቀራል። ፎርኤቨር ቴምብር ከፖስታ ቤቱ ወይም ከታወቀ መደብር በዛ አድርገው ይግዙ፤ ዋጋው ነገ ቢጨምርም ዛሬ የገዙት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገለግላል።