ውድ የስፖርት መኪና ሲገመግሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ የስፖርት መኪና ልብ ይሰርቃል። የተሠራውም ለዚያ ነው። በሩ ሲከፈት የሚበራው መብራት፣ የቆዳው ሽታ፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚያሰማው ጉርምርምታ፣ ሁሉም ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንዲያስደንቁ ታስቦባቸዋል። ጥሩ መኪና ግን የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው። በ40 ኪሎሜትር ፍጥነት ሲታጠፍ፣ የተበላሸ አስፋልት ላይ ሲገባ፣ እጅዎ ያለ ዓይን እርዳታ የአየር ማቀዝቀዣውን ሲፈልግ። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች ብዙ ቢሆኑም ምንጫቸው አንድ ነው፤ መኪናው ሊያሳየን የፈለገውን ብቻ አይተን እንፈርዳለን።

በዓይን ብቻ መፍረድ

የውስጥ ክፍል ጥራት የሚመዘነው በእጅ ነው። ዓይን ቶሎ ይረካል፣ እጅ ግን በቀላሉ አይሸወድም። ንድፍ አውጪዎች ዓይናችን የት እንደሚያርፍ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ገንዘቡ በዳሽቦርዱ አናት፣ በበሩ የላይኛው ክፍልና በመሪው ዙሪያ ይፈስሳል። ቁጠባው ደግሞ ዝቅ ብሎ ይደበቃል። እጅዎን ከጉልበት በታች ይስደዱ። የበሩን ኪስ ውስጡን ይዳስሱ። የዳሽቦርዱን መሳቢያ ክዳን፣ የፀሐይ መከላከያውን፣ የወንበሩን ሐዲድ መሸፈኛ ይንኩ። እዚያ ጠንካራ ፕላስቲክ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የስፖርት መኪና ክብደት መቆጠብ አለበት። ጥፋት የሚሆነው ጠርዙ እጅ ሲቧጥጥ ወይም ሲጫኑት ሲንቀጠቀጥ ነው።

ከዚያ በየቀኑ ወደሚነኩት ነገር ይሂዱ። መሪው፣ የፍሬቻው ዘንግ፣ ከመሪው ጀርባ ያሉት ማርሽ መቀየሪያዎች፣ የመስኮት ማብሪያው፣ የበሩ እጀታ። ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ይጫኑ። በጥንቃቄ የተሠራ መኪና ላይ ሁሉም ተቀራራቢ ጥንካሬና ተቀራራቢ ድምፅ አላቸው። አንዱ ቁርጥ ብሎ ሲመልስ ሌላው ከተወላገደ፣ ክፍሎቹ ከተለያየ ቦታ ተሰብስበው ማንም አንድ ላይ አልሞከራቸውም ማለት ነው።

የመሀል ኮንሶሉን ጎን በጉልበትዎ ገፋ ያድርጉት። ጠበቅ ያለ መታጠፊያ ላይ ሹፌር ጉልበቱን የሚያስደግፈው እዚያ ነው። ሲጢጥ የሚል ከሆነ መስማት ያለብዎት ከመግዛትዎ በፊት ነው። የስፌቱን መስመርም ይከተሉ። ከዳሽቦርዱ ተነስቶ በሩ ላይ ሲደርስ ይገጥማል ወይስ ይሳሳታል? በግራና በቀኝ ያሉት የመገጣጠሚያ ክፍተቶች እኩል ናቸው?

ይህን ሁሉ በተቻለ መጠን ፀሐይ ላይ ያድርጉት። የማሳያ ክፍል መብራት ብዙ ነገር ይሸፍናል። እዚያ ሲያበራ ያማረብዎት ጥቁር አንጸባራቂ ፕላስቲክ ውጭ ሲወጣ የጣት አሻራና የጭረት መናኸሪያ ሆኖ ያገኙታል። ነጣ ያለ ቆዳ ዳሽቦርዱ አናት ላይ ካለ ደግሞ ቁጭ ብለው የፊት መስታወቱን ይመልከቱ። ነጸብራቁ መንገዱን የሚጋርድ ከሆነ ያ ውበት ቀን በቀን ያሰለቻል።

በትልቅ ስክሪን መማረክ

ስክሪን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። እንዲያውም ቶሎ ከሚያረጁት የመኪናው ክፍሎች አንዱ እሱ ነው። በስፖርት መኪና ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሳበት ጊዜ የለውም። ኩባንያዎቹም ይህን እየተረዱ ነው። ፌራሪ ለዓመታት መሪው ላይ የንክኪ ቁልፎችን ሲያስቀምጥ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው አማልፊ ላይ ወደሚጫኑ ቁልፎች ተመልሷል። ሞተር ማስነሻውም እንደገና ቀይ የአሉሚኒየም ቁልፍ ሆኗል። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት ገምጋሚ ዩሮ ኤንካፕም እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የአደጋ መብራትና የአስቸኳይ ጥሪ በእጅ የሚሠሩ ማብሪያዎች እንዲኖሯቸው በነጥብ አሰጣጡ ውስጥ አስገብቷል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ዓይንዎን ወደ ፊት ተክለው ሙቀቱን ይቀንሱ፣ ድምፁን ይጨምሩ፣ የመንዳት ሞዱን ይቀይሩ። ሦስቱንም ሳያዩ ከቻሉ የውስጥ ክፍሉ በትክክል ታስቦበታል።

ወንበሩን ሳያስተካክሉ መነሳት

ሰው ቸኩሎ ይነሳል፣ ከዚያ መኪናው አይመችም ይላል። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ለወንበሩና ለመሪው ይስጡ። ጀርባዎ ወንበሩን ሳይለቅ የእጅዎ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ የታጠፈ መሆን አለበት። ይህን ካገኙ በኋላ ፔዳሎቹ ከመሪው ጋር ትይዩ ናቸው ወይስ ወደ አንድ ጎን ሸሽተዋል የሚለውን ያስተውሉ። ሹፌሩን አጣሞ የሚያስቀምጥ መኪና ሩቅ መንገድ ላይ ወገብ ይጨርሳል፤ የትኛውም ውድ ቆዳ ያንን አያካክስም።

የታየውንና የሚገዛውን አንድ አድርጎ ማሰብ

ለሙከራ የሚቀርበው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ተጨማሪ ነገር የተጫነበት ነው። ፖርሽ ላይ ለምሳሌ ዳሽቦርዱንና በሮቹን በቆዳ ማልበስ ብቻውን ራሱን የቻለ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ስፌቱን አድንቀው መነሻ ዋጋውን ካዘዙ ሌላ መኪና ይመጣልዎታል። ስለዚህ ያዩትን መኪና የተጨማሪዎች ዝርዝር ይጠይቁና አንድ በአንድ ይለዩ። ቁሳቁሱንም ይጠይቁ። ብዙ ሰው የቆዳ ዓይነት የሚመስለው አልካንታራ እ.ኤ.አ. በ1970 ጃፓን ውስጥ በቶሬይ ኩባንያ የተፈለሰፈ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ ከፖሊስተርና ከፖሊዩረቴን ይሠራል። እጅ ስለማያንሸራትት መሪ ላይ ግሩም ነው። ግን የእጅ ላብና ቅባት ሲጠግብ ይጠፈጠፋልና መጽዳት ይፈልጋል። መሪው ላይ ከመምረጥዎ በፊት ይህን ይወቁ።

ፍጥነትን ከአነዳድ ስሜት ጋር ማምታታት

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት ይመስለኛል። ከ0 ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለመድረስ የሚፈጀው ሰከንድ ስለ ሞተሩና ስለ ጎማው ጉልበት ይነግረናል እንጂ መኪናው በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቢኤምደብሊው ኤም5 ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) ሲሆን ከ2,400 ኪሎግራም በላይ ይመዝናል። 100 ለመድረስ ግን 3.5 ሰከንድ ይበቃዋል። መነሻው ፖርሽ 911 ካሬራ 1,500 ኪሎግራም ገደማ ነው፤ ለዚሁ ፍጥነት ወደ 4 ሰከንድ ይወስድበታል። አንዱ ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና፣ ሌላው ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር ኩፔ ነው። በቁጥሩ ብቻ ከፈረድን ኤም5 ያሸንፋል። ተከታታይ መታጠፊያ ላይ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ሲገለበጡ ያ የ900 ኪሎ ልዩነት በወገብዎ ይታወቅዎታል። ኤሌክትሮኒክስ ክብደትን በደንብ ይደብቃል፤ ጨርሶ ማጥፋት ግን አይችልም።

ታዲያ ምኑን እንመልከት? የነዳጅ ፔዳሉን በጣም በጥቂቱ ሲጫኑት መልሱ ያንኑ ያህል ጥቂት ነው ወይስ ይዘላል? ፍሬኑ ላይ እግርዎ በሚጨምረው ጫና ልክ መኪናው ይይዛል ወይስ መጀመሪያ ላይ ነክሶ ኋላ ይላላል? በሃይብሪድና በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ይህ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ኃይል እየሰበሰበ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ የፍሬን ሸራው ይረከባል። ርክክቡ እግር ላይ ከተሰማ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። የሚታወቀው ደግሞ በዝግታ ሲቆሙ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች።

ከባድ መሪን የሚናገር መሪ አድርጎ መውሰድ

መሪው ከበድ ሲል ብዙዎች "ስፖርታዊ ነው" ይላሉ። ክብደት ግን በቀላሉ የሚጨመር ነገር ነው። መሪውን የሚያግዘው ኤሌክትሪክ ሞተር በሶፍትዌር ትእዛዝ እገዛውን ቀነስ ሲያደርግ መሪው ይከብዳል፣ በቃ። የሚፈለገው ሌላ ነው። የፊት ጎማዎቹ መንገዱን ሲይዙ የሚፈጠረው ኃይል በመሪው ዘንግ በኩል ወደ እጅ ይመጣል። መታጠፊያው ሲጠነክር መሪው ቀስ በቀስ ይከብዳል። ጎማው ሊለቅ ሲቃረብ ደግሞ ቀለል ይላል። ያ መቅለል ማስጠንቀቂያ ነው። ጥሩ መሪ ይህን ገና ሳይዘገይ ይነግርዎታል፣ መጥፎው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ክብደት ይዞ ዝም ይላል።

ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው 911 ላይ መሪውን በፈሳሽ ግፊት የሚያግዘውን ሃይድሮሊክ ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ ሲሻገር ወዳጆቹ ቅር ያላቸው በዚህ የተነሳ ነበር። ማክላረን ሃይድሮሊኩን አርቱራ ላይም አልለቀቀም፤ ሎተስም ኤሚራ ላይ አስቀምጦታል። ይህን ሰምቶ ሃይድሮሊክ ሁሉ ጥሩ፣ ኤሌክትሪክ ሁሉ መጥፎ ማለት ግን ራሱ ስህተት ነው። ፖርሽ ከዚያ ወዲህ ሥራውን በጣም አሻሽሎታል። ዛሬ ከሚሸጡት ምርጥ መሪዎች ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ናቸው።

ሲሞክሩ መሪውን ጨምድደው አይያዙ። ለስላሳ አያያዝ ብዙ ያሰማል። ረዘም ያለ መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀያይሩ ይያዙትና መንገዱ ሲሻክር እጅዎ ላይ ለውጥ አለ ወይ ብለው ያዳምጡ። ከዚያ ቀጥታ መንገድ ላይ መሪውን ጣት በማይሞላ ልክ ያንቀሳቅሱት። አፍንጫው ወዲያው ከተከተለ ደስ ይላል፤ ዘግይቶ ድንገት ከዞረ ግን አያምኑት።

ስፖርት ሞድ ላይ ብቻ መንዳት

ስፖርት ሞድ ነዳጁን ያፈጥናል፣ መሪውን ያከብዳል፣ ሾክ አብዞርበሩን ያጠነክራል። አሥር ደቂቃ ያስደስታል። አብዛኛውን ዕድሜዎን የሚነዱት ግን በመደበኛው ሞድ ነው፤ ግምገማውም እዚያ ይጀመር። ጠንካራ ማለት ሁልጊዜ የተሻለ ማለት አይደለም። ሻካራ መንገድ ላይ በጣም የጠነከረ መኪና ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ አይይዝም። ፌራሪ ሌላውን ሁሉ በስፖርት እንደተወው ሾክ አብዞርበሩን ብቻ የሚያለሰልስ ቁልፍ የሰጠው ለዚህ ነው። የሚሞክሩት መኪና እንዲህ ለያይቶ የማስተካከል ዕድል ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጎማውን መርሳት

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መኪና ነድተው ተቃራኒ ነገር ሲያወሩ፣ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ጎማ ነው። ባለ 21 ኢንች ቸርኬ ላይ ያለው ስስ ጎማ ባለ 19ኙ የሚውጠውን ጉድጓድ ወደ ወገብዎ ያደርሰዋል። ለውድድር ቀረብ ያሉት እንደ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ያሉ ጎማዎች ደግሞ ሳይሞቁ በደንብ አይይዙም፣ እርጥብ መንገድ ላይም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት የጎማውን ስምና ልክ ይመልከቱ፣ ንፋሱ በትክክል መሞላቱንም ያረጋግጡ።

ድምፁ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅ

ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ኤም5 የሞተሩን ድምፅ በመኪናው ስፒከሮች አጉልቶ ማሰማት ጀመረ። ዛሬ ይህ የተለመደ ነው። እኔ በበኩሌ የማርሚታውን እውነተኛ ድምፅ እመርጣለሁ። ለመለየት መስኮቱን ይክፈቱ። ውስጥ ሲያገሳ የነበረው ውጭ ሳሳ ካለ መልሱን አገኙ።

በአዲስ ሞተርና በቀዝቃዛ ፍሬን ላይ መፍረድ

ቢኤምደብሊው ኤም ለሚላቸው ስፖርታዊ ሞዴሎቹ የመጀመሪያዎቹን 2,000 ኪሎሜትር የማለማመጃ ጊዜ ያደርጋቸዋል። ያን ጊዜ ያልጨረሰ ሞተር ላይ ሙሉ ጉልበት መጠየቅም፣ ደከመ ብሎ መውቀስም ተገቢ አይደለም። የካርቦን ሴራሚክ ፍሬኖችም ሲቀዘቅዙ ሊጮኹ ይችላሉ። ከሞቁ በኋላ ይፍረዱ።

በአጭርና በለስላሳ መንገድ መርካት

ሻጭ የሚመርጠው መንገድ መኪናው የሚያምርበትን ነው። መንገዱን እርስዎ ይምረጡ። ሻካራ አስፋልት፣ የፍጥነት ማቀዝቀዣ ጉብታ፣ የሚጠማዘዝ መንገድ፣ 100 ኪሎሜትር ገደማ በሰዓት የሚነዳበት ሰፊ መንገድ ይኑርበት። ሬድዮውን ያጥፉ። ሻካራው ላይ ከዳሽቦርዱ የሚመጣ ቅርጭምጭም ካለ ቦታውን ይያዙ። ሰፊው መንገድ ላይ በበሩ መስታወት ጠርዝ የሚያፏጭ ንፋስ ካለ ያስተውሉ፤ ብዙ ኩፔዎች የበር መስታወታቸው ፍሬም የለውምና እዚያ ላይ ይፈተናሉ። ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሄደው ያቁሙት፣ የኋላው እይታ ምን ያህል እንደሆነ ይወቁ። ከተቻለ ተፎካካሪውን በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ይንዱት። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊትም የተሰማዎትን በስልክዎ ላይ ይጻፉት፤ ድርድሩ ከተጀመረ በኋላ ያ የመጀመሪያ ስሜት ቶሎ ይቀየራል።