ጓዳችንን ስናጸዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክረምቱ ወጥቶ የጦሳ ጉም መገለጥ ሲጀምር ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚይዘው አንድ ሥራ አለ። ፍራሽ ደጅ ይወጣል። ጋቢና ብርድ ልብስ አጥር ላይ ይሰጣል። ሦስት ወር ሙሉ እርጥበት የጠጣ ቤት በሩም መስኮቱም ይከፈታል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ አወጣ ነበር፣ አሰጣ ነበር፣ ማታ መልሼ አስገባ ነበር። ያንኑ ኮተት አውጥቼ ያንኑ ኮተት ማስገባት ነው ለዓመታት ጽዳት ያልኩት።

በ2014 ደሴ ከደረሰው ጦርነት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ብዙ ወር ሰውነቴ ጠዋት ይነሳል፣ ልቤ ተኝቶ ይቀራል። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ምንም አይጥመኝም። ሌላ የምይዘው ነገር ሳጣ ጓዳዬን ያዝኩ። ቀስ በቀስ ነፍሴ ተመለሰች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መንገዱ ላይ ግን ብዙ ተሳስቻለሁ። አንዳንዱ ስህተት ድካም ብቻ ነው ያተረፈልኝ፣ አንዱ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ መነሳት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁምሳጥኑን፣ ቡፌውን፣ ማድቤቱንና ከአልጋ ሥር ያለውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ዘረገፍኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ከጦሳ በኩል ዝናብ መጣ። ያገኘሁትን እያፈስኩ ወደ ቤት ወረወርኩ። ማታ ላይ የት እንደምንተኛ ጠፋን። የቤቱ ኮተት ከጠዋቱ በባሰ መልኩ ተመልሶ ገባ፣ እኔም ለሁለት ወር ያህል ጽዳት የሚባል ነገር መስማት አስጠላኝ።

አሁን በቀን አንድ ቦታ ብቻ ነው የምይዘው። አንድ መሳቢያ፣ ወይም አንድ መደርደሪያ። የተጣደ ጀበና እስኪፈላ ድረስ የሚያልቅ ነገር ይሁን። ለመጀመሪያ ማድቤት ይሻላል፤ እዚያ ስሜት የለም። ክዳኑ የጠፋ እቃ፣ እቃው የጠፋ ክዳን፣ የሚያፈስ ጀሪካን፣ ጆሮው የተሰበረ ድስት። እቃውን እጄ ላይ ይዤ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለፈው ክረምትና በጋ ነክቼዋለሁ ወይ? ካልነካሁት ይወጣል።

በነገራችን ላይ፣ ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ ከሚጨመረው ክኒን የተረፈ ጓዳችሁ ውስጥ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት አይቀመጥ፣ ልጅም አይንካው። እንዴት እንደሚወገድ የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ከሳጥኑ መጀመር

ሁላችንም ቤት አንድ ሳጥን አለ። ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የልጅ የመጀመሪያ ጫማ፣ የሟች ሰው ነጠላ። ከእሱ ከጀመራችሁ ቀኑ አለቀ። እኔ የአባቴን አንድ ደብዳቤ ይዤ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጫለሁ። ሳጥኑ መጨረሻ ይምጣ። እጃችሁ በጣሳና በጀሪካን መወሰን ሲለምድ ያኔ ክፈቱት። ሳትጨርሱት መልሳችሁ ብትዘጉትም ማንም አይቆጣችሁም።

የሌላ ሰው እቃ ሳይጠይቁ ማውጣት

የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

እናቴ ከማድቤቱ ጀርባ የራሷ ክምችት አላት። የቆርቆሮ ጣሳ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ጠርሙስ፣ ታጥቦ የታጠፈ ማዳበሪያ፣ በልኩ የተጠቀለለ ገመድ። ለኔ ቅራቅንቦ ነበር። አንድ ሳምንት ዘመድ ልትጠይቅ ሐይቅ ከተማ ሄደች። በሰፈራችን ቆራሌው ሲያልፍ ጠራሁትና ሁሉንም አፈስኩለት። ጥቂት ብር ሰጠኝ። ቦታው ሰፋ፣ ጠረግኩት፣ ውሃ ረጨሁበት፣ ደስም አለኝ።

እማዬ ስትመለስ አየችው። ምንም አላለችም። ገብታ ነጠላዋን አጥፋ ተቀመጠች። ማታ እራት ላይ ነው ቀስ ብላ የጠየቀችኝ፦

«ያቺ ሰማያዊ ጣሳስ፣ ልጄ?»

ሰማያዊዋ ጣሳ በ77 ከአያቴ ጋር ሆነው የእርዳታ እህል እየተሰፈረ የተቀበሉባት ናት። ታሪኩን የዚያን ቀን ማታ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። በነጋታው ቆራሌውን ፍለጋ ፒያሳን ዞርኩት፣ ሰኞ ገበያንም አዳረስኩት። ሰውዬውን አገኘሁት፣ ጣሳዋ ግን ከሌላው ብረታ ብረት ጋር ተጭና ሄዳለች።

ወሎ ውስጥ ይሄን ማሰብ ግድ ይለናል። ታላላቆቻችን በ65 እና በ66 የሆነውን ረሃብ አይተዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ 77 መጣ። ቤቱ አንድ ጊዜ ባዶ ሆኖ ላየ ሰው ክዳን ያለው ጠርሙስ ኮተት አይደለም። ውሃ የሚያዝበት፣ ጥሬ የሚቋጠርበት፣ መንገድ የሚወጣበት ነው። እናቶቻችን እቃ ሲያከማቹ «ኮተታም» ብለን የምንስቅ ሰዎች ያ ጊዜ ምን እንደነበር ቁጭ ብለን አልጠየቅንም።

ስለዚህ ጠይቁ። አጠያየቁም ለውጥ አለው። «ይሄ ምን ያደርጋል?» ካላችሁ ክስ ነው፤ እናት ትከላከላለች፣ እቃውም ይቀራል። «ይሄ ምን ነበር?» በሉ። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ፣ እቃውን አንድ በአንድ እያነሳችሁ። እማዬ ከዚያ በኋላ እንደገና ማጠራቀም ጀምራ ነበር። በዚህ መንገድ ስንነጋገር ሃያ ምናምን ጠርሙስ በገዛ እጇ አወጣች። የአንዳንዱን ታሪክ ነገረችኝና «በይ ይሂድ» አለች። ስድስት ጣሳ አስቀረች። ስድስቱ ጣሳዎች ቦታ አልያዙብኝም።

ለልጅም እንዲሁ ነው። የልጅን መጫወቻ ትምህርት ቤት ሳለ አታውጡበት።

መጀመሪያ ማስቀመጫ መግዛት

እቃ ለመቀነስ ብሎ ሱቅ መሄድ። ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሳጥን፣ ተጨማሪ ቁምሳጥን፣ የበር ላይ መስቀያ። እኔ ሦስት ትልልቅ ሳጥን ገዝቼ ሦስቱንም በማያስፈልገኝ ነገር ሞላኋቸው። መጀመሪያ ይውጣ። ከዚያ የተረፈው ምን ያህል እንደሆነ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ያለው ቁምሳጥን ይበቃል።

የማንለብሰውን ቅዳጅ «ለድሃ» ማለት

የኛ ግቢ እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፣ እንደ ወሎ ግቢ ሁሉ። አንድ ቀን ጆንያ ሙሉ ልብስ ለሚቸገሩ ሰዎች ልሰጥ ሳስር ጎረቤታችን መጣች። አንዱን ሹራብ መዛ አወጣች። ክርኑ ተቀዷል፣ ሁለት ቁልፍ የለውም።

«ይሄን አንቺ ትለብሽዋለሽ?» አለችኝ።

«አልለብሰውም።»

«እንግዲያ ሰደቃ አይሆንም፣ እህቴ።»

በቁርኣን አል-በቀራ ምዕራፍ ላይ ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በቀር እኛ ራሳችን የማንቀበለውን መጥፎ ነገር መርጠን እንዳንሰጥ የሚከለክል ቃል እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔም ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል የሚለውን የሉቃስ ወንጌል ነገርኳት። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ጆንያውን ፈትተን ተቀመጥን። የሚሰፋውን ሰፋን፣ ቁልፍ ተከልን፣ አጠብን፣ በነጋታው ተኮስን። የማይሆነው ተቆርጦ የምጣድ ማሰሻና የወለል መወልወያ ሆነ። ከጆንያው ግማሹ ብቻ ነው ለሰው የሚሰጥ ሆኖ የተገኘው። ያን ግማሽ ስሰጥ ግን ዓይኔን አልሰበርኩም።

ልዋጭ የሚሉትንም አስተውሉ። አሮጌ ልብስ ወስደው ሳፋና ኩባያ የሚሰጡትን ማለቴ ነው። ሥራቸው ደግ ነው፣ እኔም እጠራቸዋለሁ። ግን አንድ ጆንያ ልብስ ወጥቶ ሦስት ሳፋ ከገባ ቤቱ አልቀነሰም። የሚያስፈልጋችሁን አንድ ነገር አስቡና ጥሯቸው። ብረትና ጠርሙስ ለቆራሌው ይሂድ። ፕላስቲክ ግቢ ውስጥ አታቃጥሉ፤ ጭሱ መጀመሪያ የሚገባው የራሳችሁ ልጅ ሳምባ ውስጥ ነው።

ጥሩውን ለእንግዳ ማቆየት

ሳሎናችን ውስጥ መስታወት ያለው ቡፌ ነበር። ውስጡ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ሲኒ፣ የብርጭቆ ስብስብ፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ቴርሞስ። ለሠርግ የመጣ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ማንም አልጠጣበትም። እኛ የምንጠጣው ጠርዙ በተሸረፈው ሲኒ ነበር። እንግዳም ሲመጣ «ለዚህ እንግዳ አይሆንም፣ ትልቅ ቀን ይምጣ» ይባላል።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ በሌሊት ወጣን። እማዬ ቡፌውን ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ ሥር በመሃረብ ቋጥራ ያዘች። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ይዛው ሄደች። ከተማው ተረጋግቶ ስንመለስ መስታወቱ ረግፏል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ታች መደርደሪያው ጥግ ላይ አራት ሲኒ ተርፎ አገኘን። ቁልፉ አሁንም አለ፣ በር ላይ ተንጠልጥሏል።

አራቱ ሲኒዎች የአዘቦት ሲኒዎች ሆኑ። አንዱ ባለፈው ዓመት ተሰበረ፣ ልጄ ሲያጥብ። እማዬ «አብሽር፣ የኔ ልጅ» አለችው። ድሮ ቢሆን ቤቱ ይናወጥ ነበር። ቡፌያችሁን ክፈቱ። ጥሩውን ጋቢ ልበሱት፣ ጥሩውን አንሶላ አንጥፉት፣ ዛሬ ማታ።

ንጹሕ ቤት ሐዘን ያስወጣል ብሎ መጠበቅ

ጽዳት እኔን ረድቶኛል፣ ግን ብቻውን አይደለም። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካልገባ፣ መኖር ካስጠላ መጥረጊያ አይበቃም። ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ለንስሐ አባታችሁም ለሸኹም። ሐዘናችሁን ከቁምሳጥን ጀርባ አትደብቁት።

የዕለት ሥራን እንደ ዕዳ መቁጠር

እኔ ቡና የማፈላው በግራ እጄ ስልክ ይዤ ነበር። ቡናው ያራል፣ ሲኒው ሳይለቀለቅ ይቀርባል፣ አቦሉ እንዳለቀ እነሳለሁ። «ቶሎ ልጨርስና ወደ ሥራዬ» እላለሁ። ወደየትኛው ሥራዬ እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ቀን ስልኩን መኝታ ቤት ትቼው ተቀመጥኩ። ቡናውን በውሃ አሸሁት። ገለፈቱ ተላቆ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ውሃው ደፈረሰ። ደፋሁት፣ ደገምኩት፣ በሦስተኛው ውሃው ጠራ። ብረት ምጣዱ ላይ መጀመሪያ ይተናል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል። ሲንጣጣ እጄ ማማሰሉን ማቆም የለበትም፤ ለአፍታ ከቆመ በአንድ በኩል ያራል። ያ ጊዜ ሌላ ሐሳብ አያስገባም። ምጣዱን አንስቼ ጭሱን ለእማዬ ዞር ሳደርግላት ዓይኗን ጨፍና በእጇ ወደ ፊቷ ሳበችው። ስንት ዓመት እንዲህ ታደርግ እንደነበር አላውቅም። አላየኋትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቡናችን ሦስት ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ጎረቤታችን ካለች ዱዓ ታደርጋለች፣ እማዬ ትመርቃለች፣ እኛ አሜን እንላለን። ሲኒ ማጠቡ የልጄ ነው። ቄጤማውን ጠርጎ የሚያወጣው ባለቤቴ ነው። የቤት ሥራ የአንድ ሴት ጀርባ ላይ ብቻ ከተከመረ ምንም ዓይነት እረፍት አይገኝበትም፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው እሑድ በረካው ላይ ጎረቤታችን ወደ እማዬ ዞር አለች።

«እታለም፣ በሶብላ ልተክልበት ጣሳ የለሽም?»

እማዬ ተነሳች። ስድስቱን ጣሳ ከማድቤት ጀርባ አምጥታ በረንዳው ላይ ደረደረቻቸው። አንድ በአንድ እያነሳች ታችኛውን አየች፣ አንኳኳች፣ አሸተተች። ያልዛገውን መርጣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሰጠቻት። አምስት ቀሩ።