ትልቅ ጎማ ከማስገባትህ በፊት ቤንዚኑን አስላ

ለቪታራም ሆነ ለራቭፎር ጎማ ልትቀይር ከሆነ መጀመሪያ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። 215/65 አር 16 ካለ 215 ስፋቱ ነው በሚሊሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ 16 የቸርኬው ኢንች። የላይና የታች ጎኑ ከቸርኬው ጋር ሲደመር የጎማው ሙሉ ቁመት 686 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ጎሚስታው 225/70 አር 16 ይገባል ካለህ እሱ 721 ነው፣ 5 ፐርሰንት ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ጎማው ሲረዝም ኪሎሜትሩ አሳንሶ ይቆጥራል፣ ከማርቆስ ባህር ዳር ነድተህ ፍጆታ ስታሰላ የቆጠረውን በ1.05 አባዛው፣ አለዚያ መኪናው ሳይበላ በላ ትለዋለህ። ፍጥነቱንም እንደዛው ከበፊቱ አሳንሶ ነው የሚያሳይህ፣ ትራፊክ ደግሞ ይሄን ሰበብ አይሰማም።

ክብደቱስ? ሜዳ ላይ በአንድ ፍጥነት ስትነዳ ብዙም አይታወቅም። ጉዱ የሚታየው ከተማ ውስጥ በባጃጅ መሃል ቆም ነዳ ስትል ነው፣ ከባድ ጎማ በቆምክ ቁጥር እንደ አዲስ ማሽከርከር ቤንዚን ይጠጣል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ስትወጣማ ረጅሙ ጎማ ሞተሩን ስለሚያደክመው ማርሽ መቀነስህ አይቀርም።

የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልቅ ስለሆነ አስፋልት ላይ ይጎተታል፣ ገጠር ካልወጣህ ምን ያደርግልሃል? እኔ ብሆን በፋብሪካው ሳይዝ ቀለል ያለ የአስፋልት ጎማ ነው የምገዛው። ንፋሱን የሹፌሩ በር ጋ የተለጠፈው በሚለው ልክ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስሞላ።