ለጥምቀት የሚደርስ ጽጌረዳ፦ በጎንደር ግቢ የዓመቱ እንክብካቤ

ቀጋ፣ ማለትም የዱር ጽጌረዳ፣ ማንም ሳይገርዘው በየአጥሩና በየጥሻው ነጭ አበባውን ያወጣል። የግቢ ጽጌረዳ ግን ለትልቅ አበባ ተብሎ የተዳቀለ ስለሆነ ያለ ሰው እጅ ይከሳል። ጎንደር ላይ ተክሉን የሚያስተኛ ክፉ ውርጭ ስለሌለ የሥራውን ጊዜ የሚወስንልን ዝናቡ ነው። እኔ ቀኑን የምቆጥረው ከጥምቀት ወደ ኋላ ነው። ጽጌረዳ ከተገረዘ በኋላ ለማበብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። ኅዳር 15 ከተገረዘ እስከ ጥር 11 ድረስ 56 ቀን አለው፣ ልክ 8 ሳምንት። የታኅሣሥ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቡቃያው ይዘገያል፤ ከዚያ ቀን አያሳልፉት።

ኅዳር፦ ዋናው መግረዝ

የተሳለ የአትክልት መቀስ ይያዙ፣ ስለቱንም በአልኮል ይጥረጉ። መጀመሪያ የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን ቅርንጫፍ ያስወግዱ። ቆርጠው ሲያዩት መሃሉ ቡናማ ከሆነ ሞቷል፤ ነጣ ያለው እስኪመጣ ዝቅ እያሉ ይቁረጡ። ከዚያ 4 ወይም 5 ጠንካራ ዘንግ አስቀርተው እያንዳንዱን ከሲሶ እስከ ግማሽ ያሳጥሩ።

የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቁ ነው ትልቁ ነገር። ዘንጉን ቀረብ ብለው ይመልከቱት፦ ቅጠል ከነበረበት ቦታ በላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀላ ያለች እብጠት አለች። ዓይን የሚባለው፣ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚያቆጠቁጥበት፣ እሷ ናት። ወደ ውጭ የምታየውን ይምረጡና ከእሷ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ ውሃው በተቃራኒው በኩል እንዲወርድ አጋድመው ይቁረጡ። በጣም ከተጠጉ ዓይኗ ትደርቃለች፤ ከራቁ የተረፈው ጉቶ ይበሰብሳል።

አንድ ዓመት ቸኩዬ ሐምሌ ላይ ክፉኛ ቆረጥኩት። ዝናቡ በቁስሉ ገብቶ ዘንጎቹ ከላይ ወደ ታች ጠቆሩ፤ እናቴ የተከለችው ቀይ ጽጌረዳ መስከረም ሳይጠባ ሞተ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እንደተገረዘ አንድ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው ዙሪያውን ያልብሱት። ትኩስ እበት ሥሩን ያቃጥላል።

በጋ፦ ውሃና ነፍሳት

በየምሽቱ አንድ ጆግ ከማፍሰስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት ጠዋት፣ አፈሩ ውስጥ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ይሻላል። ቅጠሉን ሳይሆን እግሩን ያጠጡ። መሬትዎ ዋልካ ከሆነ በፀሐይ ስለሚሰነጣጠቅ የጤፍ ጭድ ይጎዝጉዙበት፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ጭድ ብዙ ጀሪካን ያተርፋል።

የጠወለገውን አበባ ከበታቹ አምስት ትናንሽ ቅጠሎች በአንድ ላይ እስከተያያዙበት ድረስ ወርደው ይቁረጡት፣ ሌላ እምቡጥ ይተካል። ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት) ካዩ ጥቂት ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ በጠዋት ይርጩ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ሙቀት ደግሞ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ፤ ደቃቅ ድርና ቀያይ ነጥብ ካለ ከሥር በኩል በውሃ በኃይል ይጠቡት።

ክረምት

ግንቦት መጨረሻ ላይ ነፋስ እንዲያልፍ የመሃሉን ቀጫጭን ብቻ ያሳሱ፣ ውሃም እንዳይተኛበት ቦይ ይቅደዱ። ለሰዓታት በረጠበ ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው ሻጋታ ይነሳል። ቢጫ የሆነውንና የወደቀውን ቅጠል ሁሉ ለቅመው ያቃጥሉት፤ ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ረጃጅም ቅርንጫፍ ሲያወጣ ለመቁረጥ ያጓጓል። ለመስቀል የደረሰውን አበባ በአጭር ዘንግ ይውሰዱና ቅጠሉን ይተዉለት፤ ኅዳር ላይ የሚያቆጠቁጥበትን ጉልበት የሚያጠራቅመው በዚያ ቅጠል ነው።